ሳሚያ የምትውጠው ክኒን

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኳት ለናጅዋ፤ ካለሽበት ሻርጃ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ ይድረስሽ። በጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አክስትሽ ሐጂራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እህትሽ ሳሚያም ደህና ናት። ባሏ ሱፍዋን ወንዝ ዳር ያለውን ሽንኩርት ነቅሎ ጨርሷል፤ ዘንድሮ ዋጋው ስለቀናው የሚያማርርበት አጥቶ ዝንጀሮዎቹን ያማርራል። አላህ የሰው አገር እንጀራሽን ሐላል ያድርግልሽ፤ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅሽ፤ አሚን።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አላስጻፍኩም፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል እስከ ዛሬ አልከዳችኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ አንድ ቀን ታይቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ጆሮዬ ስለደከመ ጮኬ ነው የማወራው። ይህ ደግሞ የሚጮኽበት ነገር አይደለም። የጎረቤታችን ከተማ የጀውሃ ነጋዴ ጁነይድ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

ሳሚያ ከልጅነቷ ጀምሮ ድዷ እንደሚደማ ታውቂያለሽ። የመፋቂያዋ ጫፍ ቀይ ያልሆነበት ቀን የለም። ባለፈው መስከረም ጤና ጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በገበያ ቀንም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ዋለ። «ለድድ ሕመም ጥናት ፈቃደኛ ተሳታፊዎች ይፈለጋሉ፤ ድዳችሁ የሚደማ፣ ጥርሳችሁ የሚነቃነቅ መጥታችሁ ተመዝገቡ» ይላል። እኔ «የሰው አፍ መሞከሪያ ሆነ እንዴ?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ጥናቱን እዚህ የምትከታተለው ነርስ ሲስተር ሩቂያ ግን ጨዋ ልጅ ናት፤ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። ከተሳታፊው ግማሹ እውነተኛውን ክኒን ይወስዳል፤ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን፣ መልኩ ግን አንድ የሆነውን ይወስዳል። ማን የትኛው እንደ ደረሰው እሷም አታውቅም። ሳሚያ ተስማማችና ፈረመች። ይኸው ጠዋትና ማታ ትውጣለች፤ ድዷም መድማቱን ተወ። እኔ እውነተኛው ነው የደረሳት ባይ ነኝ።

ሌላው፣ ሳሚያ ሰውነቷ ከብዷል። ጠዋት ጠዋት የምግብ ሽታ አይስማማትም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺም ከዚህ በላይ እንዳትጽፊ። ያለፉትን ታውቂያለሽ። ሁሉም የጨነገፉት ወሬው ከአፋችን ወጥቶ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው። አሁን ከእኔ፣ ከእሷና ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም። ዱዓ ብቻ አድርጊልን።

ለእኔ ምንም አትላኪ። ብቻ አፍ ሲደርቅ የሚያረጥብ ነገር እዚያ ካለ ጠይቂልኝ፤ ዘንድሮ ሙቀቱ ብሶብኝ ውኃ ጠጥቼ አልረካ ብያለሁ።

አክስትሽ ሐጂራ


ሻርጃ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ እናትም አባትም ለሆኑኝ ለእትዬ ሐጂራ፤ ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው የጥርስ ክሊኒክ ነኝ፤ ወለል አጸዳለሁ፣ የሐኪሞቹን ዕቃ አጥቤ በእንፋሎት እቀቅላለሁ። አሠሪዬም ክፉ አይደለችም፤ ሱዳናዊት ዶክተር ናት፣ በዓረብኛ እንግባባለን።

ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነብ በደስታ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነብ ግን ወደ ክኒኑ ወሬ ተመለስኩ። አንቱ ክኒኑን ለብቻ፣ የሰውነቷን መክበድ ለብቻ አድርገው ጻፉልኝ። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ላይ እንዳሉ አየሁ።

እትዬ፣ እዚህ አንዲት ሴት ጥርሷን አሟት ስትመጣ፣ ገና አፏን ሳትከፍት «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ተብላ ትጠየቃለች። በየቀኑ እሰማዋለሁ። ለምን ይመስልዎታል? ለጥርስ የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ እዚያው አፍ ውስጥ አይቀርማ። ይህ ደግሞ ጨርሶ ያልታወቀ፣ ገና እየተሞከረ ያለ ነገር ነው።

እባክዎ ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ሲስተር ሩቂያ ታውቃለች ወይ? የክኒኑ ስም ማን ይባላል? ሳሚያስ ስትፈርም ስለ እርግዝና ምን ተባለች? ሳሚያ እርጉዝ ናት። ይቅር ይበሉኝ፤ አይጻፍ ያሉትን ጻፍኩት። ነገሩን በስሙ ካልጠራሁት ስለ እሱ መነጋገር አልችልም።

ለአፍዎ መድረቅ የሚሆን ቅባት ነገር ልኬያለሁ። ዶክተሯ ግን «አክስትሽ ይመርመሩ» ብላለች።

ልጅዎ ናጅዋ


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናጅዋ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ረመዳንን በሰላም ያድርሰን፤ ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው። ደብዳቤሽ የዘገየው ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተዘግቶ ጁነይድ አዲስ አበባ ስለ ከረመ ነው።

ያችን ቃል ጽፈሽ ሳይ ወረቀቱን አጥፌ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። አንብቤ ስጨርስም አቃጠልኩት። አትቀየሚኝ። እዚያ የሰው ዓይንና ምላስ አይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ይሠራል። የመጨረሻው ሲጨነግፍ ሳሚያን ደም ፈሷት የያዝኳት እኔ እንጂ አንቺ አልነበርሽም።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ሲስተር ሩቂያ አታውቅም። ስትመዘግባት «በጥናቱ ጊዜ እንዳታረግዢ፤ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ንገሪኝ» ብላታለች፤ አልዋሽሽም። ሳሚያም ‹እሺ› ብላለች። ታዲያ በየወሩ ሲቀርቡ ሽንት ይሰጣሉ፤ ለካ እርግዝና እንዳለ የሚያዩት በእሱ ነው። ሳሚያ ይህን ስትሰማ «እትዬ፣ ምን ይሻለኛል?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አልሰጥም ብትል ያው መናገሯ ነው። ስለዚህ አብሬያት ሽንት ቤት ገባሁና በዕቃው ውስጥ የእኔን ሰጠኋት። ሲስተር ሩቂያ «ደህና ነሽ» ብላ አዲስ ክኒን ሰጥታ ሸኘቻት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላረግዝ! እስከ ቤት ድረስ በባጃጅ ውስጥ እየተያየን ሳቅን። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ነው የምናደርገው።

ያንቺን ጥያቄ ለሳሚያ አልነገርኳትም። ለእሷ ድንጋጤ መርዝ ነው፤ ደንግጣ ቢወርድባት በማን ይፈረዳል? ክኒኑንም ትጣለው እንዳልል፣ ሳሚያን ታውቂያታለሽ፤ «አማና ብዬ የተቀበልኩትን እንዴት እጥላለሁ?» ብላ በሰዓቱ ትውጣለች። ደግሞስ ከድድ እስከ ማሕፀን ምን መንገድ አለው?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል። ክኒኑ ነጭ ነው፤ ስሙን አልጻፉበትም፤ የጥናቱ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። ያቺን ሱዳናዊት የማንንም ስም ሳትጠሪ ጠይቂልኝ። እንደ ወሬ አድርገሽ ጠይቂያት።

ሐጂራ


ሻርጃ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐጂራ፤ አሰላሙ ዓለይኩም፤ ፆሙን አላህ ይቀበልዎት።

እንደ ወሬ አድርጌ ጠየቅሁ። ዶክተሯ ጓንቷን አውልቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወሬ እንዳልሆነ ገብቷታል።

እንዲህ አለችኝ። ክኒኑ ምን እንደሆነ ከሩቅ ማወቅ አይቻልም። ለድድ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ግን አንድ ወገን አለ፤ እርጉዝ ሴት ጨርሶ መውሰድ የለባትም። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ በደም አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርስና ገና በሚሠራው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ተወልዶ ጥርስ ሲያወጣ ጥርሱ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቢፋቅ፣ ቢታጠብ አይለቅም። «ከዚያ ወገን ካልሆነስ?» አልኳት። «ያን ጊዜ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም» አለችኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። እሷ የማታውቀውን ሳሚያ በየቀኑ ትውጠዋለች።

ከድድ እስከ ማሕፀን መንገድ አለው እትዬ። አለው!

ሽንትዎን ስለ መስጠትዎ ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ያ ምርመራ ሳሚያን ለማጋለጥ አይደለም፤ እሷንና ልጇን ለመጠበቅ ነው። አንቱ ከሰው ዓይን ሊሰውሯት ብለው ከሚጠብቋት ሰው ሰወሯት። እንዲህ መጻፌ ድፍረት ነው፤ አውቃለሁ፤ ፍርሃቴ ነው ያስደፈረኝ።

እለምንዎታለሁ፣ ይህ በደረሰዎት ቀን ይንገሯት፤ ክኒኑን ታቁም፤ ሁለታችሁም ሲስተር ሩቂያ ጋ ሂዱ። የእናንተም የሱፍዋንም ስልክ አልሠራ ብሎኛል። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ በጁነይድ ስልክ የላክሁት፤ አዲስ አበባ ስላለ አሳትሞ ይዞልዎት ይወርዳል። አንብቦትም እንደሆነ ያንብበው።

ናጅዋ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐጂራ፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ኢድ አለፈ። ጁነይድ «በእጃቸው ሰጥቻለሁ» ብሎኛል። መልስዎ ግን የለም። ስልክ አንድ ጊዜ ገብቶልኝ ሳሚያ ስታነሣ «ሁላችንም ደህና ነን፣ እትዬ ሶላት ላይ ናቸው» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ተቋረጠ። አሳሳቋ ምንም እንዳልሰማች ሰው ነው። ልነግራት አፌን ስከፍት ነው መስመሩ የጠፋው።

አልነገሯትም ማለት ነው? ወይስ ነግረዋት እኔን ልታጽናና ነው የሳቀችው? እዚህ ዕቃ ስቀቅል እጄን አቃጠልኩ። ሌሊቱን ዝም ላሉበት ምክንያት ስፈልግልዎት አድራለሁ። እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ናጅዋ


ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ናጅዋ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ዛሬ ሰላምታዬን አላረዝምም።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በወቅቱ ደርሶኛል። ጁነይድ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። አነበብኩትና ፍራሼ ሥር ከተትኩት። ‹ነገ እነግራታለሁ› አልኩ። በነጋታውም ‹ነገ› አልኩ። ሳሚያ ሆዷን በሰፊ ሻርፕ ሸፍና በደስታ ስትንጎራደድ ሳይ ምላሴ ይታሰራል። ሰው እንዳይጠረጥር ብላ ፆማለችም። በኢፍጣርና በሱሑር ክኒኑን ስትውጥ አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ፤ እሷ ክኒን ስትውጥ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ናጅዋ። ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ።

ከኢድ በኋላ እንደ ልማዳችን ሽንት ሰጥተን ተመለስን። ከሰዓት ሲስተር ሩቂያ በሱፍዋን ስልክ ደወለች። «ሳሚያ አሁኑኑ ትምጣ፤ ዛሬ ሽንቷን ለሌላም ነገር መርምረነው ብዙ ስኳር ተገኝቷል» አለች። ሳሚያ «ልጄ ሊሞትብኝ ነው» ብላ እደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። እኔ ግን ስኳሩ የማን እንደሆነ በዚያችው ደቂቃ ገባኝ። ውኃ ጠጥቼ አልረካ የምለው እኔ ነኝ።

ነውሬን ልንገርሽ። በባጃጁ ውስጥ እንኳ ዝም ልል አስቤ ነበር። ‹ጣቷን ወግተው ደሟን ሲያዩት ስኳር የለም ይላሉ፤ ይሳሳታል መሣሪያው ይሉና ይለቁናል› አልኩ በልቤ። ገብተን ተቀመጥን። ሲስተር ሩቂያ የሳሚያን ጣት ይዛ፣ ከመውጋቷ በፊት፣ «አንዳንዴ እርግዝናም ስኳር ያመጣል። ምርመራሽ የለም ይላል፤ ግን አንቺው ንገሪኝ፣ እርጉዝ አይደለሽም አይደል?» አለቻት።

ሳሚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ «ወላሂ» ብላ ጀመረች።

በውሸት ልትምል ነው፤ ልጅ በሆዷ ይዛ። ዘልዬ አፏን በእጄ ከደንኩት። «ተይ! እንዳትምዪ! ሽንቱ የእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ውጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

ሲስተር ሩቂያ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ሳሚያ ነገረቻት። «ዛሬ ጠዋትስ ክኒኑን ውጠሻል?» ስትላት «አዎ» አለች። ያን ጊዜ ሲስተር ሩቂያ የክኒኑን ብልቃጥ ከቦርሳዋ ተቀበለቻትና አዲስ አበባ ላለው ለጥናቱ ኃላፊ ለዶክተር ልዑል ደወለች። እርጉዝ ሆና የተገኘች ሴት የትኛው ክኒን እንደደረሳት ይታይ ዘንድ ሥርዓት አላቸው፤ ጠብቁ ተባልን። ጠበቅን። ስልኩ ጠራ።

እውነተኛው ነው የደረሳት። ያቺ ሱዳናዊት ካለችው ወገን ነው። እኔ እውነተኛው ነው ባይ ነበርኩ፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

ዶክተር ልዑል ሳሚያን በስልክ ረጅም ጊዜ አናገራት። አልደበቃትም። «ልጁ ላይ የከፋ ነገር ይመጣል ብዬ አላስብም፤ ጥርሱን ግን እፈራለሁ። እስክትወልጂም ከወለድሽም በኋላ እንከታተልሻለን» አላት። ከዚያ የእኔን ጣት ወጉ። ሲስተር ሩቂያ መሣሪያውን አይታ «እትዬ፣ ይቀመጡ፣ እንዳይነሡ» አለችኝ። እኔም አሁን ጠዋትና ማታ ክኒን የምውጥ ሆኛለሁ።

ቤት ስንገባ ደብዳቤዎችሽን ከፍራሹ አውጥቼ ለሳሚያ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «እህቴ ስትጮህልኝ አንቱ ጆሮዬን ደፈኑት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ታቀርብልኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም።

የወሰድኩባት ጊዜ አይመለስም። ፈርቻለሁ ልጄ። ምን ልጻፍልሽ?

ሐጂራ


ሻርጃ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐጂራ፤

ልቆጣዎት ብዕር አንሥቼ ነበር። ብዙም ጽፌ ነበር። ስኳር መባልዎ ላይ ስደርስ ቀደድኩት። አንቱም ስንት ወር እንደዚያ ተጠምተው እኔ ቅባት ልኬ ተኝቻለሁ።

ለሳሚያ ለብቻዋ ጽፌያለሁ። ይቅር በያቸው አላልኳትም፤ እሱ የእሷ ነው። አንቱ ግን ከምግቡ ጋር አብራ የምታቀርብልዎትን ዝምታ ታግሠው ይብሉላት።

አንድ ነገር ብቻ ይማሉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መጥፎውን አስቀድመው ይጻፉልኝ፤ ሰላምታው ኋላ ይድረስ። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል ሲመጣልኝ ከመፍራት ይገላግሉኝ። ክኒንዎን ይውሰዱ። ሻይ ላይ ስኳር የሚጨምሩትን ነገር አውቃለሁ፤ ለሱፍዋን ተናግሬያለሁ።

ናጅዋ


ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጅቷ ተወልዳለች፤ በሕይወት አለች፤ ሳሚያም በሕይወት አለች። አሁን፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ምጡ ሁለት ሌሊት ይዟት ነበር፤ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወጣን። ጣርማ በርን ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሳሚያ እጄን ይዛ «እትዬ» አለችኝ። ከሚያዝያ ወዲህ የጠራችኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ የምታውቀው እጅ የእኔ ብቻ ስለሆነ ይሆናል፤ ቢሆንም ተቀበልኩት።

ስሟን ኢልሀም ብለናታል። ሐኪሞቹ ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት፤ አጥንቷን፣ ልቧን፣ ሁሉን። ደህና ናት አሉን። ሲስተር ሩቂያም ቤት ድረስ መጥታ አቀፈቻት። ሴቶቹ ሊጠይቁ ሲመጡ «ማሻአላህ በሉ» እያልኩ አስጨንቃቸዋለሁ፤ ያ ጠባዬ መቼም አልለቀቀኝም።

ጥርሷን ግን እስኪወጣ ማንም ሊነግረን አይችልም። ሕፃን ሲያለቅስ ሰው ጡት ያቀርባል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ድዷን አያለሁ። ድዷ ንጹሕ ነው፤ ምንም አይታይበትም። ሥሩ ያለውን አላህ ያውቃል። ሳሚያ እንዲህ ሳደርግ ታየኛለች። እሷም ሰው በሌለበት እንደምታየው አውቃለሁ።

የሚረባ ቀለል ያለ ልብስ ካገኘሽ ላኪላት፤ የቆላው ሙቀት ቆዳዋን አንድዶታል።

አክስትሽ ሐጂራ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጥርሷ ወጥቷል። ቢጫ ነው፤ ሥሩ ላይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። አሰላሙ ዓለይኩም ናጅዋ።

በረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነው። ገንፎ ሳበላት ማንኪያው ኳ አለ። ሳሚያ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ድምፁን ሰምታ እጇ አረፋ እንደያዘ መጣች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አንቺ እይው፣ እኔ አልችልም» አልኳት። ሳሚያ የልጇን ከንፈር ዝቅ አድርጋ አየች። ኢልሀም ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ከዚያ ሳሚያ «ይክፈቱ ዓይንዎን እትዬ፤ አብረን ነው የምናየው» አለችኝ። ከፈትኩ። አየሁት። አለቀስኩ፤ ሳሚያ አላለቀሰችም። «ልጄ በሕይወት አለች። ስትስቅ አፏን በእጇ እንድትሸፍን ግን ማንም አያስተምራትም፤ አንቱም ቢሆኑ» አለችኝ።

ሲስተር ሩቂያ ጋ ወሰድናት። ፎቶ አነሡ፣ ለዶክተር ልዑል ላኩለት። እነዚህ ይነቀላሉ፤ የሚተኩት ንጹሕ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ ክኒኑ በዚያን ቀን ባይቆም ኖሮ ግን ተስፋውም ይጠብ ነበር አሉን። ሊወጡ ይችላሉ እንጂ ይወጣሉ አላሉም። እስከዚያ እንፈራለን።

ትናንት ሴቶቹ ለዱዓ ሰብሰብ ብለን ሳለ አንዷ የኢልሀምን ጥርስ አይታ «ምን ነካው?» አለች። ሳሚያ መልስ ሳትፈልግ ቀድሜ ተነሣሁ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ክኒኑን፣ ሽንቱን፣ ደብዳቤሽን ፍራሽ ሥር መደበቄን። አንዳንዷ በሽንቱ ሳቀች፣ አንዳንዷ ፊቷን አዞረች። ሲነጋ ስሜ ጀውሃ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ደርሷል።

የጎረቤታችን ልጅ ኑርሃን ግን ማታውኑ ከተል ብላ ቤት መጣች። የጥናቱ ሁለተኛ ዙር ከገባ ወዲህ ተሳታፊ ናት። በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ስትበላ ቆየችና «እትዬ፣ እኔም ሰውነቴ ከብዷል» አለችኝ። «ለሩቂያ ነግረሻል?» አልኳት። «አልነገርኳትም» አለች። «ሽንቱንስ?» «የእህቴን» አለችኝ። ከእኔ ነው የተማረችው ወይስ ከራሷ ብልሃት? አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈራሁት።

ይህን የምጽፍልሽ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት በእጄ ይዤ አመጣኋት። አሁን ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እዚህ ሰልፉ ላይ የሰፈሩ ሰው ግማሹ አለ። ሲስተር ሩቂያ «ስንት ወርሽ ነው?» ስትላት ተሰማኝ። ኑርሃን ጮክ ብላ «ሦስት» አለች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ብድግ ብዬ በሩን ልዘጋው እጄ መዝጊያው ላይ ደርሶ ነበር። አልዘጋሁትም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አክስትሽ ሐጂራ